ወደ ፍል ውሃው ስንሄድ የፊት ወንበር

ይህ የሆነው ባለፈው የካቲት ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ጉልበቴን ባሻሸሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ አሊያንቴ አጠገብ ከልጄ ጋር ነው። ልጄ ዘ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ሺፍቷ አይታወቅም። ስለዚህ የልጅ ልጄን ሊዲያን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። እሷ ግን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሬት ታጠናለች።

ሥራዋን አስረድታኛለች። መሬት ከሥሩ ስንጥቅ አለው። ዝናቡ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ታች ይግላል፣ መውጫ ሲያገኝ ይመለሳል። እሷ ያንን ስንጥቅ ኮምፒውተር ላይ በቀለም በቀለም ትሠራዋለች፤ በእንፋሎት መብራት የሚያመነጩት ሰዎች የት እንደሚቆፍሩ እንዲያውቁ። እኔ ሙቁ ውሃ ትልቁ ስንጥቅ መሃል ላይ የሚገኝ መስሎኝ ነበር።

«አይደለም አያቴ፣ አንዱ ስንጥቅ አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ጋ ነው። እዛ መሬቱ በጣም ይሰባበራል፣ ውሃ ያሳልፋል» አለችኝ። ገባኝም አልገባኝም፣ እኔን ቁጭ አድርጋ ማስረዳቷ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ እትዬ አስካለ ከአገር ቤት መጡ። የሊዲያ አባት እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን የኖሩት ዝዋይ አካባቢ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሊዲያ ይህን ስትሰማ በደስታ ልቧ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜዋ የእሳቸው ሆነ። እንፋሎቱ ከየት ነበር የሚወጣው፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ምን ተሰማዎት እያለች ስልኳ ላይ ትቀዳቸዋለች። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። የተወለድኩበት አገር ደጋ ነው፤ መሬቱ ዝም ያለ ነው፤ የምነግራት የለኝም። ቀናሁ። ጸሎት ላይ ሆኜ እንኳ ቀናሁ።

አንድ ቀን ሊዲያ በረሃ ውስጥ የምታጠናውን ፍል ውሃ ልታሳየን ሁለታችንንም ይዛን ወጣች። የመኪናውን የፊት በር ከፈተች። ያ ወንበር ሁልጊዜ የኔ ነው። ግን እንደ ወጉ «ይግቡ፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑ» አልኳቸው። በወጉ ደግሞ እሳቸው «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ» ይላሉ፣ እኔ እምቢ እላለሁ፣ እሳቸውም እምቢ ይላሉ፣ በመጨረሻ እኔ እገባለሁ።

እትዬ አስካለ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ገቡ። ቀበቶም አሰሩ።

መንገዱን ሙሉ ከኋላ ሻሻቸውን እያየሁ ሄድኩ። ሊዲያ «ያ በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው ተራራ፣ እሱ ፎልት ነው፣ ያ የምነግርሽ ስንጥቅ» ትላለች፤ እሳቸው «የኛም አገር እንዲህ ነው» ይላሉ። እኔም አንገቴን አሰገግኩ፤ ማንም አላየኝም።

ስንደርስ ከመሬቱ እንፋሎት ይወጣል። ሊዲያ «ከዚህ እንዳታልፉ፣ መሬቱ ስስ ነው» ብላን ዕቃዋን ልታወርድ ዞረች። እኔ ግን፣ ፍል ውሃ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ነገር ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ለጉልበት መድኃኒት መሆኑን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ልነክር ሄድኩ።

ብዙም ሳልራመድ መሬቱ ከሥሬ ሰመጠ። አንድ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ትኩስ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ሊዲያ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። ቀሚሴን ከኋላ ይዛ ጎተተችኝና ሁለታችንም መሬት ላይ ዘጭ አልን።

«አልነገርኩሽም? ሕፃን ነሽ? ማነው ጫማ አውልቂ ያለሽ?» እያለች እግሬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈሳለች። «ሁለተኛ ከቤት አላወጣሽም።»

እግሬ ቀላ ከማለት አላለፈም። ያቃጠለኝ በእትዬ አስካለ ፊት መቆጣቷ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ቅባት ልታመጣ ወደ መኪናው ስትሄድ እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀመጡ። «ታድለው» አሉኝ።

የሚያሾፉ መሰለኝ። «በምኑ?»

«እኔን አንድ ቀን እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም። እንግዳን ማን ይቆጣል? ስለ መሬት ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ። ወሬው ሲያልቅብኝ ደግሞ እንዳትተወኝ ብዬ ጨመር አደርጋለሁ። ፍል ውሃ ውስጥ እንቁላል እንቀቅል ነበር ብያታለሁ። ቀቅዬ አላውቅም።»

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሊዲያ የሄደችበትን ነበር የሚያዩት።

ስንመለስ የፊቱ በር ተከፈተ። «ይግቡ» አልኩ። «በሞቴ፣ እርስዎ» አሉ። ስንግደረደር ቆይተን ሁለታችንም ከኋላ ገባን። ሊዲያ «እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ?» አለች።

ቅናቱ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ቅዳሜ ሳቃቸውን ከሳሎን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። የእንቁላሉን ነገር ለሊዲያ አልነገርኳትም፤ አማርኛ ስለማታነብ እዚህ ብጽፈው ችግር የለውም። ሊዲያ ደውላ «አሁንም መድኃኒትሽን አልዋጥሽም?» ብላ ስትቆጣኝ ግን፣ እትዬ አስካለ አጠገቤ ካሉ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ።