በሆኪ ተከላካይ የተጣላን ጊዜ

አፌ ከእኔ ይቀድማል። ባለቤቴ ይህን ካወቀች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ከእሷም በፊት ያውቃል። ባለፈው ዓመት በዚሁ አፌ የተነሳ ጓደኛዬን ላጣው ነበር፤ ያውም በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚጫወቱ፣ መኖራችንን እንኳ በማያውቁ ሰዎች ምክንያት።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ አበሻ በሚበዛበት ሰፈር ባለች አንዲት ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆኪ እናያለን። አበሻን ከሆኪ ጋር ምን አገናኘው የሚለን ብዙ ነው። ነገሩ የመጣው ከሥራ ነው። እዚህ አገር እንደገባሁ ጓደኛዬ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ እሱ የሚሠራበት ሆቴል አስቀጠረኝ። የእንግዶችን መኪና በር ላይ ተቀብለን እናቆማለን፣ ሲወጡ እናመጣለን። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ሊሄድበት ያልቻለውን የሆኪ ትኬት ሰጠንና ገባን። እኔ ከብርዱ በቀር ምንም ሳይገባኝ ወጣሁ። ጓደኛዬ ግን በሳምንቱ ሕጉን ሁሉ አጥንቶ መጣ፤ እኔንም አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ሲሸነፍ አብረን እንሸነፋለን፤ ሰሞኑን ደግሞ ሥራው መሸነፍ ብቻ ሆኗል።

ያን ቅዳሜም አምስት ጎል ገባብን። ጠረጴዛውን የከበብነው አበሾች ተከፋፈልን። አሠልጣኙ ይባረር የሚል አለ፤ በረኛው አርጅቷል የሚል አለ። እኔ ጥፋቱን የሰጠሁት ለአንድ ተከላካይ ነበር። በሆኪ ተከላካዮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚገቡት። ይሄኛው ቦታውን ጥሎ ወደ ሌላው ወገን ይሮጣል፤ ኳስ የምንላት ጥቁር ጎማ ደግሞ እሱ በለቀቀው በኩል ትገባለች።

«ይሸጥ» አልኩ። «ቦታውን የማያውቅ ተከላካይ ምን ይሠራል?»

«ቦታውንማ ያውቃል» አለ ጓደኛዬ። «አብሮት ያለውን ኮቨር ሊያደርግ ሄዶ እኮ ነው። ሪፕሌዩን በደንብ እየው።»

«ዓመቱን ሙሉ ኮቨር?»

«ዓመቱን ሙሉ። ያኛው ሁልጊዜ ወደፊት ይሄዳል፣ ይሄ የሱን ይሸፍናል። ሶ ጎል ሲገባ ካሜራው የሚያሳየው ይሄንን ነው።»

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ከተሳቀልኝ ማቆም አላውቅም።

«አንተ ለሱ ብታዝን አይገርመኝም» አልኩት። «ሚስትህስ የሄደችው ቤትህን እንዲሁ ጥለህ ስትሮጥ አይደል?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ትዳሩ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ ትምህርት ላይ በነበርኩበት ዘመን ሰባቱንም ቀን ሥራ ላይ ስለነበር ሚስቱ ታክቷት ልጃቸውን ይዛ እንደሄደች ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም ግን አንስተንበት አናውቅም ነበር። ጃኬቱን አነሳ፣ የበላበትን ከፈለና ወጣ።

ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም። ስልኬን አያነሳም። ባልድዊን ሂልስ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ መኪናው ቆማለች፣ በሩ ግን አልተከፈተልኝም። ቅዳሜ ሲመጣ ዓይኔ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ በሩ ላይ ነበር። እዚህ አገር ወንድም የለኝም። ከኤርፖርት የተቀበለኝ እሱ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። በእውነት ፈራሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁበት። አንዱ ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ የጠረጴዛችን ትልቅ ሰው፣ ሆኪ ሲታይ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ሻያቸውን የሚጠጡ። ሁለተኛዋ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው። ጓደኛዬ አኩርፎ እንኳ ትልቅ ሰው አያሳፍርም። ሰኞ ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ አራታችን ተቀመጥን።

«የተጣላችሁበትን ነገር በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም» አሉ ጋሼ።

ስልኬን አውጥቼ ከዚያ ቀን ጎሎች አንዷን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አምስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ተከላካይ የምትሉት ይሄ ነው?»

«እሱ ነው ጋሼ። ቦታውን ለቆ ሲሮጥ አዩት?»

«እሱንስ አየሁት። አብሮት የገባው ሌላኛው የታለ?»

ፈለግን። ሌላኛው ስክሪኑ ላይ የለም፤ ወደፊት ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ያን ሁሉ ጨዋታ ሳይ አንድ ቀን እንኳ እሱን ልፈልግ አላሰብኩም ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጓደኛዬ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነበር የሚስቅብኝ።

«እንግዲህ በጨዋታው ተረትተሃል» አሉኝ ጋሼ። «ስለ ትዳሩ የተናገርከው ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። ምን ብትክሰው እንደሚሻል እሱ ይንገረን።»

«እርስዎ ከመጡ ይቅር ብያለሁ ጋሼ» አለ ጓደኛዬ። «ኦኬ? እንነሳ።»

«አንነሳም» አሉ እትዬ። ወደ እኔ ዞሩ። «ነርሲንግ ስትማር ቅዳሜና እሑድህን ማን ሠራልህ?»

«ማናጀሩ ነው እኮ ስኬጁሌን ያስተካከለልኝ» አልኩ። የማውቀው እንደዚያ ነበር፤ ተማሪ ነኝ ብዬ ስነግረው አዝኖልኝ።

«ማናጀሩማ ወይ ቅዳሜና እሑድ ይሥራ ወይ ይልቀቅ ነው ያለው። የሠራልህ ይሄ ነው። ከራሱ ሺፍት ላይ ደርቦ፣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳያርፍ። ጠዋት ጠዋት የቀኑን ምግብ የቋጠርኩለት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ እንዳይነግሩት ብዬ ለምኜዎት ነበር እኮ» አለ ጓደኛዬ።

«ለምን?» አልኩት።

«ብታውቅ ትምህርቱን ትተወው ነበራ።»

እውነቱን ነው፤ እተወው ነበር። እግሩ ላይ ወደቅኩ። «ተነስ ባክህ፣ ጉልበት የለህም» ብሎ ብብቴን ይዞ አነሳኝና አገላብጦ ሳመኝ። ጋሼ መረቁን። ያን ቅዳሜ ቦታው ላይ ተገኘ፤ ቡድናችን እንደ ልማዱ ተሸነፈ፣ እኔም እንደ ልማዴ ጮህኩ።

ነርስ ሆኜ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ቤት ገዝቻለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ ባለቤቴን፣ መምህራኖቼንም። እሱን ግን ለዚህ ነገር አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅም ነበር። አሁን በተገናኘን ቁጥር አመሰግነዋለሁ፤ ሰልችቶታል፣ አልተውኩም።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። በተመረቅኩ ሰሞን ባለቤቴ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋገረችና ለማናጀሩ ምስጋና ይዤለት ሄድኩ። ጓደኛዬ በር ላይ ሥራውን እየሠራ ነበር። ዳቦው ለማን እንደሆነ ነገርኩት። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሳመኝ፣ የመኪናዬን ቁልፍ ተቀበለኝ፣ ከዚያም ዳቦው እንዳይጋጭብኝ የሆቴሉን በር በሁለት እጁ ይዞ አሳለፈኝ።