የሰላምታ ሀብታም

ዐረብ አገር፣ ባይሽ ውስጥ አንድ የማሽላ እርሻ ላይ ስሠራ፣ በግና ፍየል የሚጠብቁ አንድ የወሎ ሰው አብረውኝ ይኖሩ ነበር። አባቴ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው ስለነበሩ «አያ» እላቸዋለሁ። አያ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሰላምታ ግን አያልቅባቸውም። ውሃ በቦቴ የሚያመጣውን ሾፌር፣ የጎረቤቱን የመናዊ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ግመል ጠባቂ ሁሉ ያቆሙና ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ይጠይቁታል። አንድ ቀን ሻይ ቅጠል ሊገዙ በጠዋት ወጥተው የተመለሱት ለቀትሩ የዙህር ሶላት ነው። ሻይ ቅጠሉን ረስተውታል።

«አያ፣ እኛ ባሕር ተሻግረን የመጣነው ሀብት ፍለጋ ነው ወይስ ሰላም ለማለት?» አልኳቸው።

«እኔማ እየሰበሰብኩ ነው» አሉኝ። «የቀረብህ አንተ ነህ።»

ንብረታቸውን አውቀዋለሁ፤ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሽርጥና ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ። ስለዚህ ሳቅሁባቸው።

አንድ ሐሙስ ቀን ከፊላችን፣ ማለት ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ያወጣልን አሠሪያችን፣ ከሙወሰም ከተማ በግ ሊገዛ ተነሣና ለመጫን እንድናግዘው ሁለታችንን በፒክአፑ ይዞን ሄደ። ሙወሰም ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አስፋልቱን ትቶ በአቋራጭ ገባ።

«ዓሚ፣ ጌታዬ፣ ይኼ አሸዋ መኪና ይበላል» አሉት አያ።

«ያላ፣ ዝም በል! አገሬ ነው፣ አውቀዋለሁ» አላቸው።

ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ። ገፋን፣ ቆፈርን፣ ምንጣፍ ከጎማው ሥር አነጠፍን፤ መኪናው ጭራሽ ወደ ታች ወረደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከፊላችን በዚያ በንጹሕ ነጭ ልብሱ ቆሞ በሩቅ ላለፈ መኪና ሁሉ እጁን አውለበለበ፤ የቆመለት የለም። አያ መሬቱ ላይ ያለውን የፍየል ኮቴ ሲያዩ ቆዩና «ከነዚያ ዛፎች ወዲያ የማውቀው ሰው አለ» አሉ።

«አንተ? እዚህ? ከየት ታውቀዋለህ?» አለ ከፊላችን።

«ባይሽ ገበያ ሙክት ሊሸጥ መጥቶ ዓይኑን አሞት ነበር። እንዴት ዋልክ ብዬዋለሁ፤ ቤቱ የት እንደሆነም ነግሮኛል።»

ይህንኑ ብለው ሄዱ። እኔና ከፊላችን የመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ አልን። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ከፊላችን መቁነጥነጥ ጀመረ።

«ሀረብ! ጠፋ! ኸላስ፣ ሌላ አሠሪ ዘንድ ሄዷል!»

«አይጠፉም» አልኩት። «ሰላም የሚሉት ሰው አግኝተው ይሆናል።»

እንደ ቀልድ ያልኩት እውነት ሆኖ ተገኘ። ብዙ ቆይቶ ትራክተር እያጓራ መጣ። አያ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚነዳው አንድ ዓይኑ ቀላ ያለ ገበሬ ነው። ገና ከሩቁ ስለ በጎች እከክ ሲያወሩ ይሰማል። መኪናችንን በሰንሰለት ጎትቶ አወጣው።

ከፊላችን ከኪሱ ገንዘብ ሲያወጣ የገበሬው ፊት ተለወጠ።

«እሱ እንግዳዬ ነው፣ አንተ ደግሞ የእንግዳዬ ሰው ነህ። ግቡ፣ ምሳ ብሉ።»

ገባን። ዓሣና ትኩስ የማሽላ ቂጣ ቀረበ። አያ ከላይ፣ ከገበሬው አጠገብ ተቀመጡ፤ ከፊላችን በሩ ጋ፣ ከእኔ ጎን ደረሰው። ገበሬው ወደ እሱ እያመለከተ «ይኼ ማነው?» ሲል አያን ጠየቃቸው።

«የኔ ሰው ነው» አሉ አያ ኮራ ብለው። «ደግ ነው። መንገድ ሲነግሩት አይሰማም እንጂ።»

ገበሬው ሳቀ፤ እኔ ሳቄን ቂጣው ውስጥ ደበቅሁ። በመጨረሻ ከፊላችንም ሳቀ።

በጎቹን ገዝተን ተመለስን። መንገድ ላይ ከፊላችን አያን «በገዛ አገሬ ከኔ ይልቅ አንተ ዘመድ አለህ» አላቸው፤ ቅር ያለውም የቀናም ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለ አያ መንገድ አይወጣም። የፊት ወንበር የእሳቸው ሆነ፤ እኔ ከኋላ ከበጎቹ ጋር።

ከበጎች መሃል ሆኖ የሚታሰብ ብዙ ነገር አለ። እኔም እንደ አያ ሀብት መሰብሰብ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ባይሽ ገበያ ስንወርድ አንድ ፂሙ የሚያስከብር ሽማግሌ መረጥኩና በዚያች በማትረባ ዐረብኛዬ «እንዴት ነህ? ሚስትህስ ደህና ናት?» አልኩት።

ሽማግሌው ከዘራውን አነሣ። አያ ሮጠው መሃላችን ገቡ፣ ትከሻውን ስመው አበረዱት።

«አንተ ጉድ! ቤተሰብ እንዴት ነው ይባላል እንጂ የሰው ሚስት በገበያ ይጠየቃል?» አሉኝ። ከዚያ ሳቅ አሸነፋቸው፤ ሽማግሌውንም ሳቅ ያዘው፤ ነገሩን ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ ነገረ።

በሳምንቱ ገበያው ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ከየሱቁ ይጠሩኝ ጀመር። «አንተ ሐበሻ፣ ና ሻይ ጠጣ!» ይሉኛል። ከዘራውን ያነሣብኝ ሽማግሌ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ጠጋ ብሎ አጠገቡ ያስቀምጠኛል።