ለቪክ ብሬናን ድንጋይ የጠፋው ቃል

ኖሪን ፓስኮ የመቃብር ድንጋይ ትጽፋለች። አባቷም ሥራው ይኸው ነበር፤ የያራቡን ከተማ ሙታን ግማሾቹ በእሱ፣ የቀሩት በእሷ እጅ ስማቸው ተቀርጿል። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። መዶሻው ቀኝ ትከሻዋን ከግራው ዝቅ አድርጎታል። ጠባየኛ ሴት ናት፤ አንድ ክፉ አመል ግን አለባት፣ ሐዘንተኛውን ካልጠየቀች መሮዋን አታነሳም። «ተወዳጅ» ብለሽ ጻፊ ያላት ሰው፣ ለምን «ውድ» እንዳላለ ማስረዳት አለበት። እንደ እሷ ከሆነ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ውድ ያለ ሰው ስለ ራሱ ልብ ነው የተናገረው፤ ተወዳጅ ያለው ግን ከተማውን ሁሉ ምስክር ጠርቷል፣ ከተማው ደግሞ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ሰው ይማረርባታል። እሷ ዘንድ ከመሄድ ፖሊስ ጣቢያ ቃል መስጠት ይቀላል እያሉ ያሟታል።

ከቃል ሁሉ አስቸግሯት የኖረው ሜት የሚሉት፣ ጓደኛ እንደ ማለት ያለ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የኖሪን አገር ወንድ አውቶቡስ ነጂውን ሜት ይላል፤ ስሙ የጠፋበትን ሰው ሜት ይላል፤ ሊደባደብ እጅጌውን እየሰበሰበም ሜት ይላል። እንዲህ በየሜዳው የሚበተን ቃል እንዴት ክብር እንደሚኖረው ሊገባት አልቻለም። ክብር እንዳለው ግን ታውቃለች። አንድ ጊዜ አንድ ፈረስ ገሪ ሽማግሌ ይዛ፣ ወዳጅ ከሚባለው ከፍሬንድ በምን ይለያል ብላ አላስወጣ አላስገባ አለችው። ሰውዬው ብዙ አስቦ፣ ፍሬንድ ገመናህን የምትነግረው ነው፣ ሜት ግን ሳትነግረው አውቆ ዝም የሚልልህ ነው አላት። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ መልስ ስትደሰት ከረመች።

ቪክ ብሬናን በተቀበረ በአራተኛው ቀን ጧት ክላሪ ሆብዴይ መጣ። ክላሪ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ በግ ሲሸልት የኖረ በመሆኑ ወገቡ እንደጎበጠ ቀርቷል።

«ስሙንና ዓመቱን ጻፊ» አላት። «ከሥር አንድ ቃል ጨምሪ።»

«የቱን ቃል?»

«እሱን ባውቅ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

ኖሪን የሁለቱን ታሪክ እንደማንኛውም የያራቡን ሰው ታውቀዋለች። ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ሸልተዋል። ከዚያ በአገሩ አቆጣጠር በ1983፣ ባለ ሰፊ ጥርሱ መሸለቻ ይግባ አይግባ በሚል ሸላቹ ሁሉ ሥራ አቆመ። ቪክ ግን በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ተመለሰ። ሚስቱ ታማበት ነበር፤ ለምን ተመለስክ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ክላሪ በጓዶቻቸው ሁሉ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ሜቴ አይደለህም» አለው። በሸላቾች ዘንድ ይህ ቃል አንዴ ከተነጠቀ፣ የሚመልስ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ጉዱ ሁለቱ ጎረቤታሞች መሆናቸው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አጥር ለአጥር ኖሩ። ክላሪ ቃሉን ከለከለ እንጂ እጁን አልከለከለም። ከወንዝ ዓሣ ሲይዝ ግማሹን ቪክ በር ላይ ያንጠለጥላል፤ የቪክ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል ይዞ መጥቶ ይደፍናል፤ የቪክ ሚስት ስትሞትም ሳጥኑን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ትንፍሽ አይልም። መጥራት ግድ ከሆነበትም «ብሬናን» ብሎ በቤተሰብ ስሙ ይጠራዋል፤ እዚያ አገር አብረው የኖሩትን ሰው እንዲያ መጥራት ፊት ማዞር ነው።

ኖሪን ቃል እያወጣች ታቀርብለት ጀመር። ጎረቤት ብንለውስ አለችው። ውሻው ሌሊቱን ሲጮህ የሚያድረው ሰውዬም ጎረቤቴ ነው አላት። ባልደረባስ? እሱ የቢሮ ሰዎች ቃል ነው አለ። ፍሬንድስ ስትለው መሣቅ ቃጣው፤ ቪክ ይህን ቢያነብ ከጉድጓዱ ተነስቶ ያላግጥብኛል አላት።

«እንግዲያው የቀረህ ሜት ነው» አለችው።

ክላሪ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሱን ነጥቄዋለሁ። ሞተ ብዬ እንዴት እመልስለታለሁ? አሁን እኮ አልፈልግም ሊለኝ አይችልም።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ኖሪን ግን አላስችል አላት።

«እሱስ አንተን ምን ብሎ ይጠራህ ነበር?»

ሽማግሌው ቀስ እያለ ነገራት። ቪክ በየማለዳው ክንዱን አጥሩ ላይ ጥሎ «እንዴት አደርክ ሜት» ይለዋል። ከዚያ ከአድማው ማግስት ጀምሮ አልጋ ላይ እስከወደቀበት ቀን አላቋረጠም። ክላሪም «ብሬናን» ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ሊያበሽቀኝ ነው ብሎ ይናደድ ነበር፣ ኋላ ለመደው። ባለፈው ወር ቪክ ሲታመም፣ ክላሪ አንድ ማለዳ አጥሩ አጠገብ ቆሞ የሆነ ነገር ሲጠብቅ ራሱን አገኘው።

«ምን እንደምጠብቅ ገባኝ። ሆስፒታል ሄጄም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም።»

ኖሪን በጣም አዘነችለት። ቃሉን በጓዶቹ ፊት እንደነጠቀ፣ እንደገና በእነሱ ፊት ቢያነሳው ምናልባት ይቀለው እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ዘመን ሸላቾች የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌዎች ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት ክበብ ይቀመጣሉ። ክላሪ ሄደ። እሷም ተከተለችው፤ እሱን ለማጽናናት ነው ብትልም፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ጓጉታ ነው።

ክላሪ ሳይቀመጥ ጀመረ። «ቪክ አድማ ሰብሯል፣ አልክድም። ግን ሜቴ ነበር። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

ከሦስቱ ኃይለኛው ዴስ ትራንተር ነው፤ እስከ ዛሬ የቪክን ስም አንስቶ አያውቅም። ይሳደባል ብላ ኖሪን ፈርታ ነበር።

«ለራሱ ነግረኸዋል?» አለ ዴስ።

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው ድንጋይ ላይ አትጻፈው። ለኛ ነገርከን እንጂ ለሱ አልሰጠኸውም።»

ክላሪ አልተከራከረም። ተሰናብቶ ወጣ። እስከ ኖሪን መኪና አብረው ሄዱ። በሩን ስትከፍትለት ቆመ።

«ዴስ እውነቱን ነው» አለ። «እኔ ያልኩትን አትጻፊ፣ እሱ ያለውን ጻፊ። ‹ሜት ይለኝ ነበር› በይ። ከሥሩ ስሜን አድርጊበት፤ ሰምቶ ያልመለሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ።»

ኖሪን እንዳላት ጻፈችው።