እትዬ ባዶና የመጋዘኑ ጉንዳን

አክስቴን፣ አፈሩን ያቅልልላትና፣ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «እትዬ ባዶ» ነበር የሚሏት። ሥራዋ አንቲቦዲ መፈተን ነው። አንቲቦዲ በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣ፣ ከሺህ ፕሮቲን መካከል የታዘዘውን አንዱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር ነው፤ ሻጩ እንዲያ ይላል። አክስቴ ግን ሻጭ አታምንም። ያ ፕሮቲን ጨርሶ እንዳይኖርባቸው ዘረመሉ ተቆርጦ የወጣባቸውን፣ «ባዶ» የምትላቸውን ሕዋሳት ታቀርብለትና «እስቲ እዚህ ፈልግ» ትለዋለች። ምንም ካልታየ ጨዋ ነው። «አገኘሁት» ማለቱን የሚያሳይ ጥቁር መስመር ውጤቱ ላይ ብቅ ካለ ግን «የሌለ ሰው አቅፎ የሚስም ቀጣፊ!» ብላ ለሻጩ ትመልሰዋለች።

ጉዱ የመጣው ይህን ሙያዋን ቤት ይዛ የገባች ዕለት ነው።

ታላቅ እህቴን ሊያገባ የፈለገው ሰው ሊተዋወቀን መጣ። የስልክ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ትሑት፣ ለተባለው ሁሉ «አዎን» የሚል። እናታችን በሕይወት ስላልነበረች የአክስቴ ቃል የእናት ቃል ነበር። እህቴ ከጓዳው በር ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች።

አክስቴ ግድግዳው ላይ የምትሄድ ጉንዳን ዓይታ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «መቼም እናንተ ጋ መጋዘን የሚሠራውን፣ ጉንዳን የሚሉትን ሰው ታውቀዋለህ?» አለችው።

«ጉንዳንን? እንዴታ! የልብ ወዳጄ አይደል እንዴ!»

«እንዲህ የሚባል ሰው የለም፤ አሁን እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው።»

«ኧረ አለ፣ እትዬ!»

«ጭራሽ ይከራከረኛል! በል ደህና ዋል፣ ልጄ።»

ሰውየው ኮፍያውን እንኳ ሳያነሣ ወጣ።

«አክስቴ፣ እሱ እኮ ብልቃጥ አይደለም!» አለች እህቴ እንባዋ እየወረደ።

«ብልቃጥማ ቢሆን ለሻጩ እመልሰው ነበር።»

እህቴ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስ አለች። አክስቴም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ግን አዲስ ከመጡ ባዶ ሕዋሳት ውስጥ ዘረመሉ በእርግጥ መውጣቱን ስታጣራ እጇ ቀጥ አለ። ባዶ የተባለው ራሱ ባዶ መሆኑ ካልተረጋገጠ ፈተናው ከንቱ ነው፤ ጉንዳን የሚባል ሰው አለመኖሩን ደግሞ ማን አጣራ? ጋውኗን አውልቃ በቀጥታ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄደች።

«ጉንዳን የሚባል ሰው እዚህ አለ?» አለችው ዘበኛውን።

«የቱ ጉንዳን? የመጋዘኑ ነው የጋራዡ?»

«ሁለት ናቸው?»

«ሦስተኛውማ ጡረታ ወጣ።»

ቤት ስትገባ እህቴ ድንች ትልጥ ነበር።

«ያ ፈተና አይቆጠርም» አለቻት አክስቴ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች፤ «ባዶው ባዶ አልነበረም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰውየሽን ጥሪው ማለት ነዋ!»

እህቴ ድንቹን እንደያዘች ወደ ስልኩ በረረች። አክስቴ ከኋላዋ ጮኸች፤

«የመጋዘኑንም ጉንዳን ይዞት ይምጣ በይው! በዓይኔ ሳላይ አላምንም።»