እትዬ መጻፍ ያቃታቸው ደብዳቤ

ቀለም ቀቢውን ያገኘሁት ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ላይ ነው። ጫማው ነጭ ቀለም ተረጭቶበታል፤ ምርኩዝ ይዟል። ወረቀት ዘረጋልኝና «እስቲ ወንድሜ፣ ይቺን አንብበህ ምን እንደጎደላት ንገረኝ» አለኝ።

አከራዩ የጻፉለት ደብዳቤ ናት፤ እሱ «እትዬ» ይላቸዋል። «ጨዋ ተከራይ ነው። ከወለድኩት አይተናነስም። ከቤቴ ውጣ አልለውም» ትላለች።

«ምስጋና እኮ ነው!»

«እሱ ነዋ ጉድ የሠራኝ!» አለና ሳቀ።

ከመሰላል ወድቆ እግሩ ከተሰበረ አምስት ወሩ ነው፤ ኪራይ ከከፈለም እንደዚያው። እትዬም የሚተዳደሩት በዚያችው ክፍል ኪራይ ነውና፣ እንደ ምንም ብለው፣ በወሩ መጨረሻ እንዲለቅ ነገሩት። እሱና ትንሿ ልጁ መሄጃ የላቸውም። ለተቸገረ ተከራይ ኪራይ የሚከፍለው ቢሮ ደግሞ፣ ልቀቅ መባሉን አከራዩ በጽሑፍ ይግለጹ አለ። እትዬ በአፋቸው ያሉትን ወረቀት ላይ ማስፈር አሳፈራቸውና ይቺን ሰጡት።

«የቢሮዋ ልጅ አንብባ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ጋሼ፣ ታዲያ ምን ቸገረዎት? እኒህ ሴትዮ እኔንም ያስጠጉኝ ይሆን?›»

ነገሩ ስለያዘኝ አብሬው ሄድኩ። እትዬ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ።

«ሌላ ይጻፉልኝ» አላቸው።

«ምን ብዬ?»

«ልቀቅ ብለውኝ የለ? እሱኑ።»

«ኧረ ወዲያ! መናገሬ ሳያንስ ደግሞ በፊርማዬ? ሰው ቢያየው ምን ይለኛል?»

«እትዬ፣ በእርስዎ ደግነት እኮ ጎዳና ልንወጣ ነው!»

የያዙትን እርጥብ አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አደረጉት። ኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲያው አንተ ጻፈው ልጄ፤ የኔ እጅ እሺ አይልም» አሉ።

እውነቱን ብቻ ጻፍኩ፤ ስንት ወር እንዳልተከፈለ፣ እስከ መቼ ልቀቅ እንደተባለ። ሳነብላቸው፣ «‹እባክህ› የምትል ጣል አድርግባት» አሉ።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ።

ፈረሙና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ።

የቢሮዋ ልጅ በዚህኛው አልቀለደችም። ውዝፉንና የሚመጣውን ሦስት ወር ለእትዬ እንደሚከፍሉላቸው፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራም እንደሚፈላለግለት ነገረችው። በር ላይ ስንለያይ እኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂ አራት አጥፎ ሰጠኝ።

«አንተው ዘንድ ትቀመጥ» አለኝ። «ልጄ ማንበብ ጀምራለች፤ እትዬን ትቀየምብኛለች።»