የላባው ጆይስቲክ

በብረት መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ስሙን ከነአባቱ የምታውቀው የደመወዝ ክፍሏ ሴትዮ ብቻ ናት። ለሌላው ሁሉ «ላባው» ነው። ስሙን ያወጡለት ከታች ሆነው ዕቃ የሚቀበሉት ሠራተኞች ናቸው። ጣሪያው ሥር በተንጠለጠለችው የክሬን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ቶን ፌሮ ሲያወርድላቸው፣ ብረቱ መሬት የነካው መቼ እንደሆነ አይሰሙም ነበርና። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ። ጠዋት መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል፤ ሥራ ጨርሶ ሲወርድ «ዛሬም ማንንም ሳላስለቅስ ወረድኩ» ብሎ ያመሰግናል። ከዚህ ሌላ ስለ ራሱ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም።

ጭንቀቱ የጀመረው ፎርማኑ አምስቱን ኦፕሬተሮች ሰብስቦ አሮጌው ክሬን ሊነሣ መሆኑን የነገራቸው ቀን ነው። አዲሱ ክሬን ጋቢና የለውም። ኦፕሬተሩ መሬት ላይ ቆሞ፣ አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ትንሽ ሳጥን፣ በሁለት አጫጭር ዘንጎች ነው የሚያዘው። ደግሞ ሦስት ሰው ይበቃዋል። ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚሰናበት የሚለየው ከሦስት ሳምንት በኋላ በኮምፒዩተር በሚሰጥ ፈተና ነው። ፈተናውን ሊሰጥ የመጣው አሠልጣኝ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ዕቃ የማንሣት ጌም መኖሩን፣ ፈተናውም ከእሱ ብዙ እንደማይርቅ፣ ለእጃቸው የሚስማማ ጆይስቲክ ገዝተው ቤታቸው ቢለማመዱ እንደሚጠቅማቸው መከራቸው።

አራቱ ተያይተው ሳቁ። ልጅነታቸውን ጌም ቤት የጨረሱ ናቸው። ላባው ግን ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጌም የሚያውቀው ልጁ ትንሽ ሳለች ከግድግዳው ማዶ ይሰማ በነበረው ጩኸት ብቻ ነው። ፎርማኑ የድሮ ወዳጁ ስለሆነ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አይዞህ ላባው፣ ሽበትህን ይዘህ ጌም ልትጀምር ነው» አለው። እሱም ከሰው ላለመለየት ሳቀ።

ሃምሳ አንድ የምትለዋ ቁጥር ለእሱ ተራ ቁጥር አልነበረችም። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ደንበኞቻቸው ብቻ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ወንበር ተሻገሩ። አባቱ ባዶ ወንበራቸውን በፎጣ ሲወለውሉ የዋሉበትን ዓመት ላባው በጉርምስናው አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳያየው የገዛ እጁን የመመልከት አመል አለው።

የጌም ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ነው። ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የተበጠሰ ገመድ ስታያይዝ አገኛት። «ለልጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ለራሱ እንደሆነ፣ ለሥራ እንደሚፈልገው ሲነግራት ቀና ብላ አየችው፤ ቢሆንም አልሳቀችበትም። መጀመሪያ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ በአውራ ጣት የሚነዳ ጌምፓድ ሰጠችው። ስክሪኑ ላይ ያለው መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ ጌምፓዱ መዳፉ ውስጥ ተንዘፈዘፈ። ላባው ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው ባንኮኒው ላይ ጣለው።

«ሆን ተብሎ ነው» አለችው፤ «ግጭት ሲኖር እንዲሰማዎት ብለው ነው።»

«የማይንቀጠቀጥ የለሽም፣ እህቴ?»

«ኧረ ሰው የሚንቀጠቀጠውን ነው ጨምሮ የሚገዛው።»

መሪ የሚመስለውን አሳየችው፤ አልፈለገውም። በመጨረሻ ለአውሮፕላን ጌም የተሠራ፣ ከባድ መቀመጫ ያለው፣ በሙሉ መዳፍ የሚጨበጥ ጆይስቲክ አወረደችለት። ያን ሲጨብጥ ልቡ ተረጋጋ፤ ቁርጥ የጋቢናው ዘንግ። ሁለት ነበራት። የአዲሱ ሞላ ይገትራል፤ ያገለገለው ግን ለስልሶ እጅ ውስጥ ይገባል። እሷ ሳትደብቅ ብዙ ዓመት የተሠራበት መሆኑን ነግራው አዲሱን እንዲወስድ መከረችው። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚያምነው የተፈተነ መሣሪያ ነው። ያገለገለ ዕቃ ገመናው ቀድሞ ወጥቷል፣ እኔም ያገለገልኩ ነኝ ብሎ አሮጌውን አስጠቀለለ። ካልተስማማው በወሩ ውስጥ መልሶ መለወጥ እንደሚችል ነገረችው።

ልጁ የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ ናት። ኮምፒዩተሯን ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችለት፤ ጌሙንም ጫነችለት። ላባው ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ጫማውን አውልቆ ይቀመጥና ፌሮ ማንሣት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነለትም፤ አዲስ ነገር ነው ብሎ አለፈው። ሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ልብ አለ። መንጠቆው ወደ ግራ ያዘነብላል። ጥቂት ነው፤ ግን አያቆምም። ዕቃውን መኪናው ላይ ሊያሳርፍ ሲል የብረቱ ጫፍ የመኪናውን ግራ ጎን ይመታዋል። እጁን ወደ ቀኝ ጠበቅ ያደርጋል፤ ይስተካከላል። ላላ ሲያደርግ ደግሞ ወደ ግራ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ዘንጉን ማየት ትቶ እጁን ያይ ጀመር።

«መጣ» አለ በልቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቃል የመጣ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይቆልፍና የእጁ ጀርባ ላይ ወረቀት ያስቀምጣል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ይርገበገባል። የማንም እጅ ላይ ቢቀመጥ እንደሚርገበገብ ማን ይንገረው? ሻይ በግራ እጁ መጠጣት ጀመረ። ባለቤቱ አይታ ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ እጄ ላይ ተኝቼበት ነው አላት። ለሃያ ስድስት ዓመት ዋሽቷት አያውቅም ነበር።

ይባስ ብሎ ጥርጣሬው መሰላሉን ተከትሎት ወጣ። ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ያንን የሚያውቀውን ዘንግ ሲይዝ፣ ያልመጣውን መዛነፍ አስቀድሞ ሊያርም ይሞክራል። ፌሮው ሲያርፍ ይጮህ ጀመር። ከታች አንዱ «ላባው፣ ላባህ ረጠበ እንዴ?» ብሎ ቀለደ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ። በነጋታው የብረቱ ጫፍ ከአንድ ሠራተኛ ራስ ክንድ በማትሞላ ርቀት አለፈ። ሰውየው ያወቀው ነገር የለም፤ እየዘፈነ ሥራውን ቀጠለ። ላባው ግን ላብ አጥምቆት፣ ዕቃውን አውርዶ ሞተሩን አጠፋ። ሲጸልይ ፈተናውን አሳልፈኝ ማለት አቃተው። «ሰው ሳልጎዳ አውርደኝ» ብቻ ነው ያለው።

ሐሙስ ዕለት፣ ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ማመልከቻ ጻፈ። በገዛ ፈቃዴ ከፈተናው ወጥቻለሁ የሚል አጭር ወረቀት ነው። ዓርብ ጠዋት ለፎርማኑ ሊሰጠው አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ አስቀመጠው። ያንኑ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ግን እግሩ ለምዶት ኮምፒዩተሩ ፊት ወሰደው፤ የመጨረሻው ይሁን ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ቀደም ብላ ገብታ ኖሮ ከጀርባው ቆማ ትንሽ ካየችው በኋላ፣ «አባዬ ተነሣ እስቲ፣ አንድ ዙር ልሞክር» አለችው። እሱም እንደ ደንቡ ዕቃውን መሬት አሳርፎ፣ ጌሙን ዘግቶ ቦታውን ለቀቀላት።

ጌሙን ከፍታ ፌሮውን ከመሬት አነሣች። ወዲያው ሳቀች። «ውይ፣ ወደ ግራ እየጎተተኝ ነው።»

ላባው ክው አለ። አባቴ፣ እኔ፣ አሁን ደግሞ እሷ ሲል አሰበ። ያች እጅ መድኃኒት የምትቆጥር እጅ ናት። ጌታዬ፣ እኔ ላይ ይብቃ።

«እንዲህ ካደረገሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑ?»

«እጅሽን ነዋ።»

«እጄ ምን ሆነ? ዕቃው ነው እንጂ» አለችና ሁለቱንም እጆቿን ከዘንጉ ላይ አነሣች።

ፌሮው አየር ላይ ነበር። «አትልቀቂ!» ብሎ ጮኸ፤ ዘንጉን ሊይዝ ሲንደረደር የሻይ ብርጭቆውን ደፋው። ልጁ ግን አንጓውን ይዛ አስቆመችው። «ተው አባዬ፤ ጌም ነው። እየው ዝም ብለህ።»

አየው። ማንም ሳይነካው፣ መንጠቆው ቤቱን እንደሚያውቅ በሬ፣ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል።

ላባው ወንበሩ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጁ አንድም ቀን እጅህን አንሥተህ አላየኸውም ወይ ብላ ጠየቀችው። እንዴት ብሎ ያንሣ? ዕቃ አየር ላይ እያለ እጅ ከዘንግ እንዳይለቀቅ የተማረው በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ነው። ዕቃው ካረፈ ደግሞ ሞተር ይጠፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ አልጣሰም፤ ጌም ላይም ቢሆን መጣስ እንደሚቻል ጭራሽ አልታየውም። ባለቤቱ ጩኸቱን ሰምታ ስትመጣ ባሏ የፈሰሰ ሻይ አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ልጇ ደግሞ አባቷን አቅፋ ትስቃለች። ያን ማታ የእጁን ነገር፣ የወረቀቱን ነገር፣ ውሸቱንም ሁሉ ለባለቤቱ ነገራት፤ ኪሱ የነበረውን ማመልከቻም ቀደደው። እሷም ለካ ለማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛለት ነበር።

በነጋታው ባለሱቋ የጆይስቲኩን መቀመጫ ፈትታ፣ ውስጡ ያለው፣ ዘንጉ መሃሉን የሚለይበት ክፍል ተበልቶ መሃሉ የት እንደሆነ እንደጠፋው አሳየችው። አብዝታ ይቅርታ ጠየቀች። እሱ አልተቆጣም፤ አዲሱን ውሰድ ብላው ነበርና። አሁን ግን የሚመርጠው በሌላ መንገድ ነበር። ያለሽን ሁሉ አንድ በአንድ ሰክተሽ ጌሙን ክፈቺልኝ አላትና፣ እያንዳንዱ ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ እሱ እጆቹን አጣምሮ ስክሪኑን ያያል። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ጌምፓድ ሳይነካ ጌም የሚጫወተውን ሽበታም ቆም ብሎ ተመለከተ። አዲስ ነው ብላ ባቀረበችው በአንዱ እንኳ መንጠቆው ትንሽ ተንሸራተተ፤ ባለሱቋ አፍራ ከሚሸጡት ለየችው። በመጨረሻ ፍንክች ያላለውን መረጠ፤ መጀመሪያ የናቀውን ዓይነት፣ በአውራ ጣት የሚነዳውን ጌምፓድ። የአዲሱ ክሬን ሳጥን ዘንጎችም እንደዚህ አጫጭር ናቸው ብሎ ነበር አሠልጣኙ። መንቀጥቀጡን ላጥፋልዎት ወይ ስትለው፣ «ተይው፣ ይንቀጥቀጥ» አላት።

ነገር ግን የሁለት ሳምንት ልምምድ እንዲሁ አይወጣም። እጁ ወደ ቀኝ መጎተት ተምሯል። ዘንጉ ቀጥ ሲልለት እሱ ማረሙን አልተወም፤ ዕቃው አሁን በቀኝ በኩል ይመታ ጀመር። አምስት ቀን ቀርቶታል። የተማሩትን መርሳት ከመማር እንደሚብስ ያኔ ገባው። በፈተናው ዋዜማ ከአሥር ዕቃ ሰባቱን በደህና አሳረፈ። ሦስቱን ግን አላሳረፈም።

ፈተናው የተሰጠው በመጋዘኑ ቢሮ ነው። ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል፤ አሠልጣኙ ከስክሪኑ ጎን ቆሟል። ላባው አራተኛ ገባ። ሁለት ዕቃ በደህና አነሣ። ሦስተኛውን ወደ መኪናው ሲያስጠጋ አውራ ጣቱ እንደ ለመደው ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ፌሮው መወዛወዝ ጀመረ። ወደ ግራ መለሰው፤ ባሰበት። ወደ ቀኝ፤ ባሰበት። አንገቱ ሥር ላብ ሲወርድ ተሰማው። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠናው ነገር ያዝ፣ አትልቀቅ ይለዋል። ዓይኑን ሳይነቅል «ጌታዬ፣ አንተ ያዝልኝ» አለና ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ከዘንጎቹ ላይ አነሣ።

መንጠቆው ቆመ። ፌሮው ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ላባው እስኪረጋ ጠበቀ፣ እንደገና ነካው፣ አሳረፈው።

አሠልጣኙ አንድ ነገር ጻፈ። ሲጨርስ ወደ ጎን ጠራው። «ጋሼ፣ ዘንጉን ልቀቁት ብዬ ለማንም አልነገርኩም» አለው፤ «በዚህ ክሬን ፍሬኑ መልቀቅ ነው። ከአንተ በፊት የገቡት ሁሉ እየታገሉት ነው የገጩት። ማን ነገረህ?»

«ልጄ» አለ ላባው።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሦስተኛ ነበር። በሰዓት ዘግይቷል፣ አንዱንም ገጭቷል፤ ግን ሦስተኛ ነው። ከሚሰናበቱት ሁለት አንዱ በፍጥነቱ የሚታወቅና ቀልድ የማያልቅበት ኦፕሬተር ነበር፤ ያ ቀን ግን አልቀለደም። ላባው ደስታውን ይዞ አጠገቡ መቆም ከበደው፤ እጁን ጨብጦት፣ ሌላ ፈተና ሲመጣ ጌምፓዱን እንደሚያውሰው ነግሮት ሄደ።

አዲሱ ክሬን ሥራ በጀመረበት ሰኞ ላባው ሳጥኗን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሬት ላይ ቆመ። ከላይ ወደ ታች ሲያየው የኖረውን ፌሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ወደ ላይ አንጋጦ አየው። ከታች ሲታይ በጣም ትልቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሥር ቆመው በእሱ እጅ ያመኑትን ሰዎች ያን ጊዜ አሰበ። ቅርብ የቆሙትን ሁለት ሠራተኞች እስኪርቁ ጠበቀ፤ እንደገና ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አውራ ጣቶቹን ዘንጎቹ ላይ አሳረፈ።