ጸጉሯን በትና የመጣችው ኀዘንተኛ

ቅዳሜ ከሰዓት የእኔና የልጄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ሳወራት በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። የምትወደው አስፈሪ ፊልም ነው፣ ያውም የጃፓን። እኔ የምወደው ከጎኗ መቀመጡን ነው።

የመጀመሪያውን ያየን ዕለት አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ፣ ረጅም ጸጉሯን ፊቷ ላይ በትና፣ በኮሪደሩ ቀስ እያለች መጣች። ልጄ ትራሱን ነክሳ ይዛለች። እኔ ግን አዘንኩላት፤ ጸጉሯን እንዲህ አድርጋ የምትወጣ ሰው የሞተባት ካልሆነች ማን ልትሆን ነው? ሳላስበው "እግዜር ያጽናሽ፣ የኔ እናት" አልኳት፣ ቴሌቪዥኑን።

ልጄ በሳቅ ከሶፋው ልትወድቅ። "እማ! የሞተችው እኮ ራሷ ናት!"

ቀጥሎ አሜሪካኖቹ እንደገና የሠሩትን አመጣች። ያችው ልጅ፣ ያው ጸጉር። ጃፓኖቹ ዝም ብለው ያለፉትን ሁሉ እነሱ ያስረዳሉ፤ አባቷ እንዲህ አድርጓት፣ ሐኪሙ እንዲያ ብሏት። ለቅሶ ቤት ገብቶ "በምን ሞተ? የት ታከመ?" እያለ የሚመረምር ሰው አለ አይደል? ልክ እንደዚያ። ተከታዩ ላይማ ኀዘኗን ጨርሳ ግድግዳ ለግድግዳ ትሮጣለች! ይህንን ሁሉ ታዲያ ፊልሙ እየሄደ ነው የማወራው።

"ሁለተኛ ካንቺ ጋር አላይም" አለችኝ። "የሚቀጥለው ቅዳሜ ሱንድቢበሪ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት ነኝ።"

አልሳቀችም። ሳምንቱን ሙሉ ከሰፈራችን ከአካላ ወደ ሥራ በባቡር ስመላለስ ከነከነኝ። ዛሬ ቅዳሜዋን ከወሰደች፣ ነገ ምኗን ትተውልኛለች? ዐርብ እራት ላይ "አንድ ዕድል ስጪኝ፤ ትንፍሽ አልልም" ብዬ ለመንኳት። እያመነታችም ቢሆን ቀረችልኝ።

የዚያችኑ ልጅ ሌላ ተከታይ ከፈተች። እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ልጅቷ በኮሪደሩ መጣች፣ ዝም። ሐኪሙ መጣ፣ ዝም። ግድግዳ ላይ ወጣች፣ ዝም። ምላሴን ልውጠው ነበር። ግማሽ ላይ ልጄ ፊልሙን አቆመችው።

"አመመሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አታወሪም?"

"ለቅሶ ላይ ነኝ። ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥም ማጽናናት ነው።"

ቀና ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ ደርቃ የቀረችውን ልጅ አየች፣ ከዚያ እኔን። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"በቃ አውሪ፤ አንቺ ዝም ስትዪ የባሰ ያስፈራል" አለችና ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

ያቺ ልጅ እንደገና በኮሪደሩ መጣች። "እግዜር ያጽናሽ" አልናት፣ እኔም ልጄም።